ማዶው ለምን ጠፋብን? ስለ ሰልፌት የሚያውቅ ያስረዳኝ

ስልክ ጠጋኙ
ጥር 19፣ 2018

እንደምን ሰነበታችሁ ያገሬ ልጆች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነኝ። የተወለድኩት አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች ቀበሌ ነው። አሁን አዲስ አበባ ስልክ እየጠገንኩ እኖራለሁ። ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ብቻ ደረስኩ። ስድስት ቀን ቆየሁ።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ይስላል። ቀን ቀን ደህና ነው፣ ማታ ማታ ይብስበታል። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ አፋፉ ላይ ይቀመጥና ማዶ ማዶውን ያያል። "ድሮ በጥር ከዚህ ሆኜ የሰላሌ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ አይ ነበር" ይላል። ሽማግሌ ድሮን ማሞገስ ይወዳል ብዬ እንዳላልፈው እኔም አስታውሳለሁ። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ፣ ማምሻ ላይ በጎሐ ጽዮን በኩል ቁልቁል የሚወርዱትን መኪኖች መብራት እንቆጥር ነበር። ብዙ የቆጠረ የሌላውን ቆሎ ይወስዳል። ዘንድሮ ቆሎ የሚያስበላ መብራት የለም። ማዶው ነጭ ነው። አሬራ የተደፋበት ይመስላል።

ከቀበሌያችን ፈንጠር ብሎ የመንገድ ሥራ ካምፕ አለ። ድንጋይ የሚፈጭ ክሬሸር አለው። አስፋልት የሚያበስሉበት ጭስ ማውጫም አለው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሁለት የአክስቴ ልጆች እዚያ ይሠራሉ፣ እንጀራቸው ነው። ግን ክሬሸሩ ሲዞር የጓሯችን ጌሾ ቅጠሉ አመድ ይለብሳል። እናቴ ድሮ አንዴ የምታለቀልቀውን ጌሾ አሁን ሁለቴ ሦስቴ ታጥበዋለች።

በቃና ዘገሊላ ዕለት ዋርካው ሥር ወሬው ሁሉ ይሄ ሆነ። አጎቴ "የካምፑ ጭስ ነው። ወንድሜን የሚያስለው እሱ፣ መሬቱንም ያኮመጠጠው እሱ!" አለ። የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። "አፋር ላይ እሳተ ገሞራ የፈነዳው በኅዳር አይደል? ጋሼስ መሳል የጀመሩት መቼ ነው? በኅዳር!" አለ። ይሄኔ አንድ ቄስ "በሰዶምና በገሞራ ላይ የዘነበው እሳትና ዲን ነው" ብለው አረፉት። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል።

አዲስ አበባ ተመለስኩ። አንድ ደንበኛ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ አመጣ። ቀይሬ ስሞክረው የአየር ሁኔታ የሚያሳይ አፕ ተከፈተ። (የሰው ስልክ መበርበር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ስክሪኑ መሥራቱን ለማየት መነካካት ግን ሥራዬ ነው።) ከአማራጮቹ አንዱ "ሰልፌት" ይላል። ነካሁት። ጎጃም ላይ ብርቱካናማ ቀለም ተኝቶበታል። ከቀይ ባሕር በኩል እንደ ጅራት የተጎተተ ይመስላል። እኔ እኮ ሰልፌት የሚባለውን ቃል ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ልጠይቅ። ሰልፌት ምንድን ነው? ፋብሪካ በሌለበት ገጠር ምን ይሠራል? ጌሾው ላይ የሚያርፈው እሱ ነው? የአባቴን ሳል ያመጣው እሱ ነው? መሬቱንስ? እናቴ ደህና ናት፤ ዓይኗ ያለቅሳል እንጂ፣ እሱ ያው የማድ ቤት ጭስ ነው። የምፈራው ለአባቴ ነው።

---

የሞጣ ቀበሮ
ጥር 19

ቆሎ ተወራርዳችሁ መብራት ስትቆጥሩ ከብቱ የማን እርሻ ገባ? መጀመሪያ እሱን መልስ።

ለቀረው የሚያውቁት እስኪመጡ እኔም ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እኛም የጮቄን ተራራ በበጋ አጥርተን ካየነው ሰንብቷል።

---

ጠመኔ
ጥር 20

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። 22 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። "ሰልፌት የአባቴን ሳል አመጣ ወይ?" ያለኝ ተማሪ ግን የለም፤ ስለዚህ ጥያቄህን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ከቄሱ ልጀምር። ከሁላችሁም የቀረቡት እሳቸው ናቸው። ዲን ማለት ሰልፈር ነው። ክብሪት ስትጭር አፍንጫህን ጠቅ የሚያደርገው ሽታ፣ ዲን ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል። ("ክብሪት" የሚለው ቃል ራሱ በአረብኛ ዲን ማለት ነው። ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም።) የድንጋይ ከሰል ውስጥ ዲን አለ። ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥም አለ። ሲቃጠሉ ያ ጋዝ ይወጣል። መዳብና ኒኬል ከድንጋያቸው ሲቀልጡም ይወጣል። እሳተ ገሞራም ይተፋዋል።

ጋዙ ግን ገና ሰልፌት አይደለም። ጥሬ ነው በለው። የሚበስለው አየር ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ቀስ እያለ፣ ደመና ውስጥ ሲገባ ደግሞ በፍጥነት ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ዓይን የማያየው ደቃቅ ጠብታ ማለት ነው። ያ ጠብታ አሞንያ ሲያገኝ ተጣምሮ አሞንየም ሰልፌት ይሆናል። አሞንያው ከየት ይመጣል? ከበረት። ከከብት ሽንት፣ ከፍግ፣ ከዩሪያ። ጠዋት በረት ስትከፍት ዓይንህን የሚቆጠቁጥህ እሱ ነው። ዲኑን ሌላው ይልከዋል፤ እኛ ደግሞ አሞንያውን እናዋጣለን።

ይሄ መብሰል ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ቀናት። እስከዚያ ነፋሱ ይዞት ነጉዷል። ለዚህ ነው ሰልፌት ጭስ ማውጫው ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ የሚበዛው። አንዴ ከተፈጠረ በኋላም ዝናብ ካላወረደው ጥቂት ቀናት፣ እስከ ሳምንት ድረስ አየር ላይ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፋብሪካ የሌለው ገጠር ምን በወጣው ብትለኝ መልሴ ይሄው ነው።

ፈረንጆቹም ይሄን የተማሩት ተሳስተው ነው። ካናዳ ውስጥ ሳድበሪ የምትባል ኒኬል የሚቀልጥባት ከተማ አለች። ዙሪያዋ በዲን ጭስ ተራቁቶ ነበር። ዘዴ ብለው እ.ኤ.አ. በ1972 ቁመቱ 381 ሜትር የሆነ ጭስ ማውጫ አቆሙ። የከተማዋ አየር ተሻለው። ጭሱ ግን ሌላ አገር ሄዶ ወረደ። በስዊድንና በኖርዌይ ሐይቆች ኮምጥጠው ዓሣ ያለቀባቸውም ከእንግሊዝና ከመሐል አውሮፓ በመጣ ዲን ነው። ጎረቤቶቻቸውን "የእናንተ ጭስ ነው" ብለው እስኪያሳምኑ ዓመታት ፈጀባቸው። የድንበር ዘለል አየር ብክለት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዋርካ ሥር የነበረው ክርክራችሁ እንግዲህ አውሮፓም ነበረ።

አሁን ወደ ጌሾው። ቅጠል ላይ በዓይንህ የምታየው ሰልፌት አይደለም። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)። የሰልፌት ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይክሮን አይሞላም። የክሬሸር አቧራ ወፍራም ነው። ስለሚከብድ ቅርብ ይወድቃል። ካላመንከኝ ሞክረው። አቧራውን ከቅጠሉ ላይ በላባ ጥረግና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጠው። አሞንየም ሰልፌት እንደ ጨው ሟምቶ ይጠፋል። የድንጋይ ዱቄት ከሆነ ከሥር ይዘቅጣል።

ደግሞ ሰልፌት የሚለው ስም ብቻውን አያስደንግጥህ። ከእናንተ ማዶ፣ በጎሐ ጽዮን በኩል በረሃው ውስጥ ያለው ጂፕሰምም ሰልፌት ነው። እጁ ለተሰበረ ሰው የሚታሸግበት ጀሶ የሚሠራው ከእሱ ነው። አየር ላይ ያለውን ሰልፌት ክፉ ያደረገው ደቃቅነቱ ነው። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለው ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ በቀን በአማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም፣ በዓመት ከ5 እንዳይበልጥ ይላል። ሰልፌቱን፣ ጥላሸቱንና ደቃቁን አቧራ አንድ ላይ ነው የሚቆጥራቸው።

ካርታው። ይሄን ደህና አድርገህ ያዝ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ያየኸው ፎቶ አይደለም፣ ስሌት ነው። ሳተላይት ጋዙን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀው የአውሮፓ ሳተላይት ሰልፈር ዳይኦክሳይድን በየቀኑ ያስሳል። ብናኙን ግን ሳተላይት ሲያይ አቧራውንና ጭሱን ከሰልፌቱ ለይቶ አይነግርህም። "ይሄ ያህሉ ሰልፌት ነው" የሚለው ኮምፒውተር ነው። የት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚቃጠል፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ገብቶለት ያሰላል። ኮፐርኒከስ የሚባለው የአውሮፓ አገልግሎት ለዓለም የሚያወጣው ትንበያ አንዱ ካሬው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። እናንተም፣ በረሃውም፣ ጎሐ ጽዮንም አንድ ካሬ ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። ስለዚህ ያ ካርታ ስለ ካምፑ ጭስ ማውጫ የሚነግርህ ነገር የለም። ብርቱካናማ ቀለሙም ቢሆን ከጎኑ ያለውን ቁጥር ሳታይ አትደንግጥ። አንዱ አፕ በትንሽ ቁጥር ቀይ ያደርጋል፣ ሌላው በዚያው ቁጥር አረንጓዴ።

ጅራቱ ግን እውነት አለው። በበጋ የእኛ ነፋስ የሚመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። በዚያ በኩል ቀይ ባሕር አለ። መርከቦች ያልፉበታል። መርከብ የሚያቃጥለው ነዳጅ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 መጨረሻ 3.5 በመቶ ዲን ይፈቀድለት ነበር። ከ2020 ጀምሮ 0.5 በመቶ ሆኗል። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ከባድ ነዳጅና ድፍድፍ ዘይት እያቃጠሉ መብራት የሚያመነጩ አገሮች አሉ። እኛ መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ በዚህ እንኳ አንታማም።

እሳተ ገሞራው። የአክስትህ ልጅ ቀኑን አልተሳሳተም። ሃይሊ ጉቢ የፈነዳው ኅዳር 14 ነው። ጭሱ ግን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ የላይኛው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይዞት ሄደ። በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ። ጎጃም ቀርቶ ሸዋም አልመጣም። የ2003ቱን የኤርትራውን የናብሮን እሳተ ገሞራ ፍንዳታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ማለት ነው። የዲን ጋዙ ብዛት እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ የፊሊፒንሱ የፒናቱቦ ፍንዳታ ወዲህ ከታዩት ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። በአመዱ ምክንያት አዲስ አበባ የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን እንኳ ጉብኝታቸውን አሳጥረው ነው የሄዱት።

ማዶውን የጋረደባችሁስ? በጥር የበረሃ አቧራ አለ። በቆላው ሣር ይቃጠላል። በደጋው ምንጣሮ ይቃጠላል። ሰልፌቱ ከእነዚህ ጋር ይደባለቃል። ዝናብ ስለሌለ የሚያጥበው የለም። ክረምት ሲወጣ ና። መስከረም ላይ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት አፋፉ ላይ ተቀመጥ። አባትህ ቆርቆሮውን ያሳዩሃል።

ካምፑን ነፃ አወጣሁት ብለህ ደግሞ እንዳትሄድ። አስፋልት ማብሰያዎች ብዙ ጊዜ ጥቁር ናፍታ ነው የሚያቃጥሉት። ጥቁር ናፍታ ዲን ይበዛበታል። ክብሪት ክብሪት የሚል ሽታ መጥቶ ጉሮሮ ከከረከረ፣ ያ ጥሬው ጋዝ ነው፣ ምንጩም ቅርብ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ክሬሸርም ውሃ እየረጨ መፍጨት ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ይዛችሁ ጠይቁ። "አባቴን ገደላችሁት" ብላችሁ ብትሄዱ ግን ጥበቃው በር ላይ ይመልሳችኋል።

---

ግብጦ
ጥር 20

መምህር ያልነካውን ልጨምር። አዊ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ኮምጣጣ አፈር የዕለት ሥራዬ ነው።

አጎትህ መሬቱን ያኮመጠጠው ጭስ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚል ገበሬ በየወሩ ይመጣብኛል። የእኛን አፈር ያኮመጠጠው ዝናብ ነው። ንጹሕ ዝናብ። ብዙ ስለሚዘንብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ያወርደዋል። የቀረውን ሰብሉ ይወስደዋል። ገለባውን ከብት ይበላዋል፣ ኩበቱ ይነድዳል፣ ተመልሶ መሬት የሚገባ ነገር የለም። ዩሪያም የራሱን ይጨምርበታል። ፒኤች የሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ (ሲያንስ ነው ኮምጣጣው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይበላዋል። ገብሱ ቀጭጮ ይቀራል። ያኔ ገበሬው ወይ ግብጦ ይዘራል፣ ወይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል።

የሚገርመው ደግሞ መሬታችን ዲን የጎደለው መሆኑ ነው! ዳፕ በሚባለው ማዳበሪያ ፈንታ ኤንፒኤስ ያመጡት ለምን ይመስልሃል? "ኤስ" የምትለዋ ዲን ናት። ከኩንታሉ 7 ኪሎው ዲን ነው። እኛ በብር ገዝተን መሬት ውስጥ እንጨምረዋለን። እንግሊዝና ጀርመን አየራቸውን ካጸዱ በኋላ የጎመን ዘር እርሻቸው ዲን ጎደለው። ከሰማይ በነፃ ይወርድላቸው የነበረው ሲቀር ከመደብር መግዛት ጀመሩ።

የእናንተ አፋፍ ደግሞ አብዛኛው ዋልካ ነው። ጤፍና ሽምብራ፣ ጓያም የሚያበቅል መሬት ከሆነ ኮምጣጣ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። አጎትህ አንድ ኪሎ አፈር በፌስታል ይዘው ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ይስጡ፣ ይመረመርላቸው። ኮምጣጣ ሆኖ ከተገኘም መድኃኒቱ ኖራ ነው። እኛ ጋ የሚበተነው ኖራ እኮ ከእናንተው ከደጀን ተፈጭቶ የሚመጣ ነው። ጭኖ ማምጣቱ ነው የሚገድለን።

---

ስልክ ጠጋኙ
ጥር 21

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩለትና ሙከራውን አሠራሁት። ላባ ሲያጣ ለላባው ብሎ የእናቴን አውራ ዶሮ አሳዶ ተሰድቧል። አቧራው ዘቅጧል። ውሃው ከላይ ጠራ፣ ከሥር ግራጫ ጭቃ ሆነ። ወንድሜ ለአጎቴ ወስዶ አሳይቶታል። አጎቴ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ይዞ አየና "ታዲያ ድንጋይ ጠጣ ነው የምትሉኝ?" አለ አሉ። እሱም ልክ ነው።

ግብጦ፣ ያልከው እውነት ነው፤ የእኛ መሬት ዋልካ ነው። ሽምብራ ይሰጣል። አጎቴ ያኮመጠጠው መሬት የትኛው እንደሆነ ስጠይቀው ዘንድሮ ግማሽ ምርት ብቻ የሰጠው፣ ክረምቱ ላይ ውሃ የተኛበት ማሳ ነው።

አሁንም የቀረኝ የአባቴ ነገር ነው።

---

ሲስተር ከቢቸና
ጥር 21

ወንድምዓለም፣ ሁሉንም አነበብኩት። መምህሩ ግሩም አድርገው አስረድተዋል። እኔ ግን አንድ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። "እናቴ ደህና ናት፤ ዓይኗ ያለቅሳል እንጂ" ያልከው ላይ።

14 ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ባሏን አስታማ ይዛ የምትመጣ ሴት አውቃለሁ። እሱ አንዴ ሲስል እሷ ሁለቴ ትስላለች። ካርድ የሚወጣው ግን በእሱ ስም ነው።

መጀመሪያ አባትህን ልጨርስ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው አክታው መመርመር አለበት። ለቲቢ ነው። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። አባትህ ከኅዳር እስከ ጥር ስለዋል። ሰልፌት ይሁን አይሁን የምንከራከረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ላይ ነገ ዛሬ አትበል።

ሁለተኛ፣ ለምን በኅዳር ጀመራቸው? ለምን ማታ ይብሳቸዋል? እሳተ ገሞራና ካምፕ ድረስ ሄዳችኋል፤ አውድማውንስ ማን አነሳው? ከኅዳር ወዲህ ይወቃል። እብቁ፣ አቧራው ሳንባ ይገባል። ማታ ደግሞ ብርድ ነው። በሩ ይዘጋል፣ ምድጃው ይነድዳል፣ ሽማግሌ እሳቱ አጠገብ ነው የሚቀመጥ። በላዩ ላይ ኅዳር 12 ደርሶ የሰፈሩ ጉድፍ ሁሉ ታጥኗል። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ የመጣ ልማድ ነው፤ አልቃወምም። ግን እሱም ጭስ ነው።

ሦስተኛ፣ እናትህ። መምህሩ የጠቀሱትን 15 ማይክሮ ግራም ያዝ። ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ውስጥ፣ ምጣድ ተጥዶ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲማገድበት የሚለካው ብዙ መቶ ነው። ከሺህ የሚያልፍበትም አለ። እናትህ በሳምንት ሁለቴ የምትጋግር ከሆነ በዚያ ውስጥ የምታሳልፈውን ሰዓት አንተ አስላው። የጠላው ቂጣ፣ የብቅሉ መቁላት፣ የወጡ፣ የቡናው ሌላ ነው። ይሄ ጭስ በአብዛኛው ሰልፌት አይደለም። ጥላሸትና በቅጡ ሳይቃጠል የቀረ የእንጨት ትራፊ ነው። ያንተ አፕ ላይ ማድ ቤት የሚል ቁልፍ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። እኛ ጋ ግን "ያው የማድ ቤት ጭስ" ነው የሚባለው።

የምታለቅስ ዓይን ለብቻዋ አታለቅስም። ጠይቃት። ጠዋት ጠዋት ትስላለች? ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል? ከጀሪካን ጋር ስንት ቦታ ታርፋለች? እስከዚያ ድረስ ከማድ ቤቱ ጣራ ሥር ግራና ቀኝ ግድግዳው ይከፈት፣ ጭሱ መውጫ ያግኝ። እንጨቱ ይድረቅ። ምርጥ ምድጃ የሚባለውን የእንጀራ መጋገሪያ ካገኛችሁ እንጨት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስትገዛ ጭስ መውጫ ቱቦ ያለውን ጠይቅ። ሁሉም አይደለም ያለው።

---

የሞጣ ቀበሮ
ጥር 21

ሲስተር፣ እኔም አሁን እናቴ ጋ ልደውል ነው። ቆሎውን ረስቼዋለሁ።

---

ስልክ ጠጋኙ
ጥር 23

ሲስተር፣ ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። ለመደወል ግን አንድ ቀን ፈጀብኝ። አንደኛ ኔትወርኩ። ሁለተኛ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ። እናቴን ስለ ጤናዋ ጠይቄያት አላውቅም ማለት ነው እኮ። "ደህና ነሽ?" እላለሁ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፣ ስልኩን ለአባቴ ትሰጠዋለች።

ዛሬ ጠዋት አገኘኋት። "እማ፣ ስልኩን እንዳትሰጪው፣ አንቺን ነው የፈለግሁት" አልኳት። ደነገጠች። ሰው የሞተ መሰላት። ከዚያ አንቺ እንዳልሽው ጠየቅኋት። ጠዋት ትስያለሽ? "ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ እንጂ ሳል አይደለም።" ውሃ ስትቀጂ ስንት ቦታ ታርፊያለሽ? ዝም አለች። ቆየችና "ድሮ አንዴ ነበር፣ ሾላው ጋ" አለችኝ። አሁንስ? "አሁን እህትህ ናት የምትቀዳው።" እህቴ ውሃ መቅዳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እኔ ጎበዝ ልጅ ስለሆነች መስሎኝ ነበር።

ወንድሜ የማድ ቤቱን ግድግዳ ከጣራው ሥር በሁለት በኩል እየከፈተ ነው። አጎቴ መጥቶ አይቶ "ታዲያ ጭሱ ወዴት ሊሄድ ነው? እኔ ቤት?" ብሏል። ካምፑ ጋ ደግሞ የክብሪት ሽታ የሚመጣበትን ሰዓት የአክስቴ ልጅ ራሱ እየጻፈ ነው። የውስጥ ሰው ስለሆነ በየትኛው ቀን እንደሚያበስሉ ያውቃል። እስካሁን ሦስት ምሽት ጽፏል። ስሙ እንዳይነሳ አስምሎኛል።

ሐሙስ ገበያ ነው። ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። እሱ ጤና ጣቢያ አክታ ሊሰጥ፣ እሷ እንቁላል ልትሸጥ። አንቺም አብረሽው ግቢና ተመርመሪ አልኳት።

"እንቁላሉን ማን ይይዝልኛል?" አለችኝ።